ደሴ ላይ ኤሌክትሪሺያን ለምትፈልጉ፦ የእናቴን ማድ ቤት የሠራልንን ልጅ ላመስግን

ደሴና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ለተሠራ ማድ ቤት፣ ሱቅ ወይም ሰርቪስ ቤት መብራት ማስገባት ካሰባችሁ ይሄን ልጅ ሳታማክሩ አትጀምሩ። ሰሞኑን የእናቴን ማድ ቤት ሠርቶልናል። እጁ ይባረክ!

እናቴ እንጀራ ጋግራ ታስረክባለች። ማድ ቤቷ ግቢው ጥግ ነው፤ ከቤቱ 25 ሜትር ያህል ይርቃል። ቀደም ሲል ሌላ ባለሙያ በቀጭን ገመድ፣ በአጥሩ ላይ አንጠልጥሎ ነበር መስመሩን የወሰደላት። ምጣዱ ይነዝራል። ክረምት ገብቶ ወለሉ ሲረጥብ ደግሞ ይብሳል። እሷም እንደ ብዙ እናቶች ጣውላ ላይ ቆማ፣ የላስቲክ ጫማ አድርጋ ትጋግራለች። «ትንሽ ነው የሚነዝረው» ትላለች። እኔን ግን ያ «ትንሽ» እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

ልጁ እንደመጣ መስመሩን አጥፍቶ የምጣዱን ሶኬት ፈታ። ከውስጡ አንዲት አጭር ሽቦ አሳየን፤ ግራውንዱን (የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደውን ሽቦ) ከኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ ከምጣዱ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር ያገናኘች። «እማማ፣ ይቺን አዩ? ከቤት የሚመጣው ኒውትራል ቢበጠስ የምጣዱ አካል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል» አላት። እናቴ ክው አለች። «አብሽሪ እማማ፣ እናስተካክለዋለን» ብሎ እዚያው ቆረጣት።

እኔ «ታዲያ የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ብንቀብር አይበቃም?» አልኩት። አብዛኞቻችን ግራውንድ ሲባል የሚታየን እሱ ነው። እርሳስ አወጣና ግድግዳው ላይ አሰላልኝ። ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ (ፌዙ) የምጣዱን አካል ቢነካና ዘንጉ ከአፈሩ ጋር 22 ኦም ሬዚስታንስ (ተቃውሞ) ቢኖረው፣ 220 ቮልት ለ22 ሲካፈል 10 አምፔር ነው። ብሬከሩ (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው) ደግሞ ባለ 25 አምፔር። 10 አምፔር ወደ መሬት እየፈሰሰ ብሬከሩ አይወርድም፤ ምጣዱም እንደነዘረ ይቀጥላል። ስለዚህ ከቤቱ የብሬከር ሳጥን ድረስ ራሱን የቻለ የግራውንድ ሽቦ፣ በዚያ ላይ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ መከላከያ ያስፈልጋል አለ። ይሄን እስከዛሬ ያስረዳን ሰው አልነበረም።

ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት ነው፤ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ለዚያ ርቀት ባለ 6 ካሬ (6 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው) ገመድ አዘዘ። ፌዙን፣ ኒውትራሉንና ግራውንዱን አንድ ላይ በፕላስቲክ ቱቦ አስገብቶ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቀበረው። ከላዩ አሸዋ፣ ከአሸዋው በላይ ማስጠንቀቂያ ጥብጣብ። አንድ ቀን የሚቆፍር ሰው ገመዱን እንዳይመታው ነው።

ማድ ቤቱ ውስጥ የራሱ ማጥፊያ ያለው ሳጥን ተከለ። ኒውትራልና ግራውንድ እዚያ ለየብቻ ናቸው። ዘንግም ጨመረ። ግን የጦሳ ተራራን ሥር መሬት ታውቁታላችሁ፣ ድንጋይ ነው። የመጀመሪያው ዘንግ አልወርድ አለው። ሌላው ሰው ቢሆን ቆርጦ ይተወው ነበር። እሱ ነቅሎ ውኃ መውረጃው አጠገብ እርጥብ ቦታ ፈልጎ ተከለው፤ ከለካም በኋላ አላረካውም መሰለኝ፣ ራቅ አድርጎ ሁለተኛ ደገመ።

ሲጨርስ ከምጣዱ እስከ ወለሉ በቮልት መለኪያ ለካ፤ ዜሮ። የመከላከያውን መሞከሪያ ቁልፍ እናቴ ራሷ እንድትጫን አደረገ። ቷ! ብሎ መብራቱ ጠፋ። በየጊዜው እየተጫነች እንድትፈትሸውም አሳያት። ጣውላው አሁን የሊጥ ባልዲ ተቀምጦበታል።

ዋጋን በተመለከተ፣ የዕቃውን ዝርዝር ጽፎ ሰጠንና ራሳችን ገዛን። የተረፈውን ገመድ ጠቅልሎ መለሰ። የእጅ ዋጋውም መጀመሪያ የተናገረው ነው፣ አልጨመረብንም። እናቴ ዱዓ አድርጋለት ነው የሸኘችው።

ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ፈቅዶልኛል። ከኮምቦልቻ ወይም ከሐይቅ የምትደውሉም ብትሆኑ፣ መጥቶ ሳያይ ዋጋ አይናገርምና ቀን ያዙለት።