ከካልኩለስ በፊት ያለው ክረምት፦ በባሕር ዳር ስለሚሰጥ አንድ የሒሳብ ማጠናከሪያ

11ኛ ክፍልን ጨርሰው በመጪው ዓመት ከካልኩለስ (ለውጥን ከሚያጠናው የሒሳብ ክፍል) ጋር ለሚገናኙ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ በክረምት የሚሰጠውን የሒሳብ ማጠናከሪያ ልጄ ተከታትላዋለች። ቅሬታም ስላለኝ የማዕከሉን ስም አልጠቅስም።

የክረምት ማጠናከሪያ ብዙውን ጊዜ የ12ኛ ክፍልን መጽሐፍ ቀድሞ ለመጀመር ይጣደፋል። የዚህኛው መምህር ግን ወደ ዴሪቬቲቭ (የለውጥ ፍጥነትን ወደማስላት) ለመግባት አልቸኮሉም፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የወሰዱት ፋክተራይዝ ማድረግን (አንድን አገላለጽ በብዜት መልክ መጻፍን)፣ የፈንክሽንን ዶሜይንና ሬንጅ (የሚቀበላቸውንና የሚሰጣቸውን ዋጋዎች) መለየትን፣ እንዲሁም በ10ኛ ክፍል ታልፎ የተረሳውን ኤክስፖነንሻልና ሎጋሪዝም ለመከለስ ነበር። አንዳንድ ወላጆች «ይህማ ያለፈ ትምህርት ነው» ብለው ሲያጉረመርሙ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ለከፈልኩት ገንዘብ የሚመጥነው ይኸው ክፍል ነው እላለሁ፤ ብዙ ተማሪ ካልኩለስ ላይ የሚወድቀው ሐሳቡ ከብዶት ሳይሆን አልጀብራው እየከዳው ነውና።

ደብተሯን ገልጬ ያየሁት አንድ ጥያቄ ነገሩን ያሳያል። ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 4፣ ለኤክስ ሲቀነስ 2 ሲካፈል፣ ኤክስ ወደ 2 በተጠጋ ጊዜ ሊሚቱ፣ ማለትም ውጤቱ የሚጠጋው ዋጋ፣ ስንት ነው የሚል ነው። 2ን በቀጥታ የተካ ተማሪ ዜሮ ለዜሮ ያገኝና «መልስ የለውም» ብሎ ያልፈዋል። መምህሩ በቀይ እስክርቢቶ «መጀመሪያ ላዩን ፋክተራይዝ አድርጊ» ብለው ጽፈዋል፤ የላይና የታቹ የጋራ ፋክተር (ኤክስ ሲቀነስ 2) ሲሰረዝ ኤክስ ሲደመር 2 ብቻ ይቀራል፣ ሊሚቱም 4 ይሆናል። ከሥሩ ግራፉን እንድትሠራ አድርገዋታል፦ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ኤክስ 2 የሆነበት ቦታ ላይ ግን ክፍት ክብ አለው። ፈንክሽኑ እዚያ ላይ ዋጋ ሳይኖረው ሊሚት እንደሚኖረው በዓይኗ ያየች ልጅ ትርጉሙን መሸምደድ አላስፈለጋትም። ማብራሪያው በአማርኛ፣ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ደግሞ መጽሐፉና ፈተናው በሚጠቀሙበት በእንግሊዝኛ መሆኑም ተስማምቶኛል።

ዋናው ቅሬታዬ ትሪጎኖሜትሪው ላይ ነው። ዩኒት ሰርክል (ራዲየሱ 1 የሆነው ክብ) በጥድፊያ ታለፈ፤ ዲግሪን ወደ ሬዲያን (ሌላኛው የአንግል መለኪያ) መለወጥ ደግሞ በወረቀት ታድሎ «ቤታችሁ አንብቡት» ተባለ። የሳይን ዴሪቬቲቭ ኮሳይን የሚሆነው አንግሉ በሬዲያን ሲለካ ስለሆነ፣ ይህን ክፍተት ይዞ 12ኛ ክፍል የገባ ተማሪ ፎርሙላው ከየት እንደመጣ አይገባውም። ሎጋሪዝምን ያን ያህል ታግሠው ያስተማሩ መምህር ይህን ለምን እንደዘለሉት አልገባኝም።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ተማሪውም ይበዛል። ከሰዓት በኋላ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ከኋላ የተቀመጠው ሰሌዳውን ይገለብጣል እንጂ የሚሰማው ነገር የለም፤ ፕሮግራሙን ወደ ጠዋት ማዞር ብዙ የሚያስቸግር አይመስለኝም። ለቀረ ተማሪ ማካካሻ አይሰጥም።

ለማትሪክ የምርጫ ጥያቄ አቋራጭ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ይከፋዋል፤ ምሕንድስና ወይም ፊዚክስ ለመማር የሚያስብ ግን ቢመዘገብ አይቆጭም። ከመክፈላችሁ በፊት ለትሪጎኖሜትሪ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደተመደበ ጠይቁ፤ አሁንም በወረቀት የሚታደል ከሆነ እሱን ብቻ ለብቻ የሚያስጠና ሰው ፈልጉ።