ልጣጩ ኩርሽም የሚል ድንች በጠረጴዛ ኦቭን፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ድንች በቤታችን አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ተቀቅሎ ነው። በአልጫ ውስጥ ከካሮትና ከጥቅል ጎመን ጋር ይገባል፤ በመንገድ ዳር ከሚጥሚጣ ወይም ከዳጣ ጋር ይሸጣል፤ ዘይት ካገኘ ደግሞ ችብስ ይሆናል። ሙሉውን ከነልጣጩ ጋግሮ፣ መሐሉን ከፍቶ፣ ምሳ የሚሆን ነገር ሞልቶበት ማቅረብ ግን ብዙም አልተለመደም። እኔም ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኦቭን የገዛሁት ዳቦና ኬክ ለመጋገር ነበር። ኦቭኗን በትክክል እንዳውቃት ያደረገኝ ግን ድንች ነው፤ ምክንያቱም ኬክ በስኳርና በቅቤ ብዙ ጉድለት ሲሸፍን፣ ድንች የሚሸፍንለት ነገር ስለሌለው የኦቭኑን ጉድለት ሁሉ በልጣጩ ላይ ያሳያል። ስለዚህ በዚህ ግምገማ መለኪያዬ አንድ ብቻ ነው፦ ልጣጩ ጥርስ ላይ ኩርሽም የሚል፣ ውስጡ ዱቄት መስሎ የሚፈረፈር፣ ወጥ ሲፈስበትም ወዲያው የማይልፈሰፈስ ድንች ታወጣለች ወይስ አታወጣም?

ኦቭኗ 38 ሊትር የምትይዝ፣ 1,500 ዋት የምትስብ፣ ከላይ ሁለት ከታች ሁለት የሚግሉ ዘንጎች ያሏት፣ ማራገቢያ የሌላት ናት። አንድ የሽቦ መደርደሪያ፣ አንድ ትሪ፣ ከ100 እስከ 250 ዲግሪ የሚል የሙቀት መቆጣጠሪያና 60 ደቂቃ የሚቆጥር ሰዓት አላት። መርካቶ የሸጠልኝ ነጋዴ «250 ካልካት 250 ትሰጥሃለች» ብሎኝ ነበር። እኔም ለሁለት ሳምንት አምኜው ኖርኩ። ከዚያ በኋላ ውስጥ የሚንጠለጠል ትንሽ የኦቭን ቴርሞሜትር ገዝቼ ስለካ፣ መቆጣጠሪያው 220 ላይ ሆኖ መሐሏ ከ190 አልዘለለም፤ በስተቀኝ ያለው የኋላ ጥግ ግን ከመሐሉ በግልጽ ይበልጥ ይሞቃል። ጥፋቱ የነጋዴው ብቻ ነው አልልም፤ እንዲህ ያሉ ርካሽ ኦቭኖች መቆጣጠሪያቸው ግምት እንጂ ልክ እንዳልሆነ ማወቅ የገዢውም ድርሻ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሁልጊዜ 30 ዲግሪ ጨምሬ አዞራለሁ፣ ድንቹን ከመክተቴ በፊት 25 ደቂቃ አሞቃታለሁ፣ በመጋገሩ አጋማሽ ላይም የድንቾቹን ቦታ አቀያይራለሁ።

ቀጥሎ ያጋጠመኝ ችግር ከኦቭኗ ሳይሆን ከከተማዋ የመጣ ነበር። በውጭ አገር የሚጻፉ የአሠራር መመሪያዎች የድንቹ ውስጥ ከ96 እስከ 99 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል ይላሉ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በድንቹ ውስጥ ያለው እርጥበት እስካለ ድረስ የውስጡ ሙቀት ከዚያ አይዘልም፤ ኦቭኑ የቱንም ያህል ቢግል ትርፉ ሁሉ ወደ እንፋሎት ይሄዳል። እኔ ይህን ሳላስብ የቴርሞሜትሩን መርፌ በድንቹ ውስጥ ሰክቼ 98ን ስጠብቅ ሁለት ዙር ድንች ልጣጩ እንደ ከሰል ሆኖብኛል። አሁን የምከተለው ቁጥሩን ሳይሆን ስሜቱን ነው፤ ቀጭን ቢላ ሳይታገል መሐሉ ድረስ ሲገባና ድንቹ በጨርቅ ተይዞ ሲጨመቅ እሺ ሲል በስሏል ማለት ነው። ሙቀቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጊዜው ይረዝማል፤ 280 ግራም የሚመዝን ድንች በእኔ ቤት 75 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። የኦቭኗ ሰዓት ደግሞ ከ60 በላይ ስለማይቆጥር በመካከል ተነስቶ እንደገና ማዞር ግድ ነው፤ የረሳሁባቸው ቀናት አሉ።

የድንቹ ዓይነት ከኦቭኑ እኩል ይወስናል። ድንች ወደ አገራችን በ1858 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር አማካይነት እንደገባ ይነገራል፤ ዛሬ በገበያ ከምናገኛቸው የተሻሻሉ ዝርያዎች ውስጥ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ በሆለታ የግብርና ምርምር ማእከል በኩል የመጡ ናቸው። ለመጋገር የሚሻለው ውሃው ያነሰና ስታርቹ፣ ማለትም ዱቄታማው ክፍሉ፣ የበዛ ድንች ሲሆን በእኔ ሙከራ በለጠ ከሁሉም ተሽሎኛል። ችግሩ በጉልት የምትሸጥ እናት ድንቿን በዝርያ ስሙ አትጠራውም፤ «የሻሸመኔ ነው»፣ «የሆለታ ነው» ብላ በመጣበት አገር ነው የምትነግርህ። ስለዚህ ቤት ወስዶ መፈተን ይሻላል። በ11 ሲኒ ውሃ 1 ሲኒ ጨው ሟምቶ ድንቹ ሲገባበት፣ የሚሰምጠው ዱቄታማው፣ የሚንሳፈፈው ውሃማው ነው። የሚሰምጠውን ለኦቭን፣ የሚንሳፈፈውን ለአልጫ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። አረንጓዴ የያዘውን ድንች ግን ለአንዱም አልመርጠውም፤ አረንጓዴነቱ ለብርሃን መጋለጡን ስለሚያሳይና ከዚያው ጋር ሶላኒን የተባለው መራራና ጎጂ ንጥረ ነገር ስለሚጨምር፣ ልጣጩ በሚበላበት ምግብ ላይ ጭራሽ አይገባም። ማቀዝቀዣ ውስጥ የከረመ ድንችም ስታርቹ በከፊል ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ልጣጩ ሳይደርቅ ይጠቁራል።

አሠራሩን በተመለከተ ብዙ ሞክሬ የረጋሁበት እንዲህ ነው። ድንቹን በብሩሽ አጥቤ፣ በሹካ ስድስት ሰባት ቦታ ወግቼ፣ በጣም ጨዋማ በሆነ ውሃ ውስጥ ነክሬ አወጣውና በትሪው ላይ ሳይሆን በቀጥታ በሽቦ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ትሪው ከሥር የሚገባው የሚንጠባጠበውን ለመያዝ ብቻ ነው። ውሃው ሲተን ጨው በልጣጩ ላይ እንደ ስስ ጉም ይቀራል። ቅባቱን መጀመሪያ ላይ አልቀባም፤ ቀድሞ የተቀባ ቅባት የልጣጩን እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝ ልጣጩ እንደ ቆዳ ይጎተታል። 60 ደቂቃ ካለፈ በኋላ አውጥቼ በሥሡ ቀብቼ ለመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች እመልሰዋለሁ። በፍስክ ቀን ለዚህ ንጥር ቅቤን የሚያህል የለም፤ ሲነጠር ውሃው ስለወጣለት ልጣጩን አያረጥበውም፣ የኮረሪማውና የኮሰረቱ ሽታም ከልጣጩ ጋር ይቀራል። ለጋ ቅቤ ግን ውሃ ስላለው ያደረቅኸውን መልሶ ያርሰዋል። በጾም የሱፍ ዘይት በቂ ነው።

በፎይል ጠቅልሎ መጋገርን ሞክሬ ትቼዋለሁ፤ ፎይል እንፋሎቱን ስለሚይዝ የሚወጣው የተቀቀለ ድንች ነው፣ ለዚያ ደግሞ ድስት ይበቃል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አክንባሎ ደፍቼበት የጋገርኩትም በዚሁ ምክንያት ልጣጩ ለስልሶ ነው የወጣው። በልጅነታችን በረመጥ ውስጥ ተቀብሮ የሚወጣው ድንች ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልጣጩ ዛሬም ከኦቭኗ ይበልጣል፤ አመዱን ማራገፉ ነው ዕዳው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ድንቹ ከኦቭን እንደወጣ ወዲያው በቢላ መስቀል ተቀድዶ ከጎኖቹ መጨመቅ አለበት። ሳይከፈት አምስት ደቂቃ ከቆየ በውስጡ የታፈነው እንፋሎት የአንድ ሰዓት ድካም በልጣጩ ላይ ያበላሻል።

አሁን ወደሚሞላበት ነገር ስመጣ፣ ከሁሉ በላይ የተማርኩት የእኛ ወጦች ለዚህ ምግብ በጣም የተመቹ ቢሆኑም ለእንጀራ በሚሠሩበት ቅጥነት እንደማይሆኑ ነው። እንጀራ መረቅ ይጠጣል፤ እንዲያውም ካልጠጣ አይጣፍጥም። የተጋገረ ድንች ግን መረቅ ሲያገኝ ልጣጩ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይሞታል። ሽሮ ካሰቡ ሽሮ ፈሰስ ሳይሆን ተጋቢኖ መሆን አለበት፤ ማንኪያ የሚቆምበት፣ ዳር ዳሩ ዘይት ያወጣ ተጋቢኖ በሚፈረፈረው ድንች ላይ ሲጫን፣ ላዩ ላይ ደግሞ ቃሪያ ሲከተፍበት፣ ከጾም ምግቦች ሁሉ አስቀድሜ የምመርጠው ሆኗል። ምንቸት አብሽም እንዲሁ ውሃው አልቆ ዘይቱ እስኪለይ ድረስ መንተክተክ አለበት። ቁርስ ላይ የምንበላው ፉል ደግሞ ያልጠበቅሁት ስኬት ነበር፤ እንግሊዞች በተጋገረ ድንች ላይ በቲማቲም ስጎ የተሠራ ባቄላ መሰል ቦሎቄ ያፈሱበታል፣ የእኛ ፉል በጥሬ ሽንኩርቱ፣ በቃሪያውና በበርበሬው ከዚያ ይልቅ ሕይወት አለው። ፉሉ ግን በሹካ ተፈጭቶ ጠጠር ያለ መሆን አለበት።

አይብ በጎመንን በተመለከተ ጎመኑን ቀቅሎ በእጅ መጭመቅ ነው ምስጢሩ። አይብ በአሬራው ኮምጣጣነትና በሙቀት የሚረጋ ስለሆነ ኦቭን ቢገባም አይቀልጥም፤ ቀልጦ የሚሳብ ነገር የሚፈልግ ሰው በአገር ውስጥ የሚሠራውን ፕሮቮሎኔ የተባለ ጠንካራ አይብ ፈቅፍቆ በላይኛው ዘንግ ሥር ለአራት ደቂቃ ቢያስገባው ይሻላል። በኢስታንቡል የኦርታኮይ ሰፈር የሚታወቅበት ኩምፒር የተባለው ድንች ቅቤና ካሻር አይብ ከውስጡ ጋር በሹካ ተመትቶ ነው ሌላው ሁሉ የሚጨመርበት፤ ከእነርሱ የወሰድኩት ይህን ነው። ማናቸውንም ወጥ ከመጨመሬ በፊት የድንቹን ውስጥ በንጥር ቅቤና በጨው በሹካ እመታዋለሁ፤ ቅባቱ እርጥበቱን በጥቂቱ ይከላከላል፣ ጨውም መሐሉ ድረስ ይደርሳል። ለብ ለብ ክትፎ በዚህ ላይ ተደርጎ፣ አይብ በጎኑ ሆኖ ለእንግዳ ያቀረብኩበት ቀን ብዙ ሰው እንጀራ ይኖር እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር። እንጀራው ቀረበ፣ ድንቹም አለቀ።

ወደ ኦቭኗ ልመለስና፣ ጥቃቅን ሕጸጾቿን ልናገር። ትሪዋ በሦስተኛው ወር ተጣምሟል፤ ሲግል ጧ ብሎ የሚነሳ ድምፅ ያሰማል። የበሩ እጀታ አይሞቅም፣ የላዩ ቆርቆሮ ግን ልጅ ባለበት ቤት የሚያሳስብ ሙቀት አለው። ስድስት ድንች ብደረድርባት እርስ በርሳቸው በእንፋሎት ይተፋፈጋሉ፤ አራት ነው ልኳ። ስለዚህ ለስምንት ሰው የሚጋግር ቤት ሁለት ዙር ይገደዳል፣ የሁለተኛው ዙር ሲደርስ የመጀመሪያው ልጣጭ ለስልሷል። በኤሌክትሪክ ረገድ፣ ሳታቋርጥ በሙሉ ኃይሏ ብትሠራ እንኳ በ90 ደቂቃ የምትወስደው 2.25 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ መቆጣጠሪያው እየቆረጠ ስለሚያበራ በተግባር ከዚያ ያንሳል። እንጀራ ከሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር በአንድ ጊዜ እንድትበራ ግን አልመክርም፤ በእኔ ቤት ብሬከሩ ወዲያው ይወርዳል። መብራት በመካከል ሲጠፋ በሩን አለመክፈት ነው፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ሙቀቷን ስለምትይዝ ድንቹ መብሰሉን ይቀጥላል፣ የሚጎድለው የመጨረሻው ድርቀት ብቻ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ከጠፋ ግን በዚያ ቀን ልጣጩን ተስፋ ቆርጬ ውስጡን ብቻ ማውጣት ነው ያለብኝ።

እንግዲህ ለሁለት፣ ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ለሚያበስል ቤት ይህች ዓይነቷ ኦቭን ቴርሞሜትር ተጨምሮባት ከአምስት አራት ነጥብ ይገባታል፤ ያለ ቴርሞሜትሩ ሁለት ተኩል እሰጣታለሁ። ተመሳሳይ ሞዴል ማራገቢያ ያለው ከተገኘና የዋጋው ልዩነት ካላስደነገጠ እርሱን መግዛት ነው፤ የሚዞር ትኩስ አየር ልጣጩን በፍጥነት ያደርቃል፣ የጥጉን ችግርም ያቃልላል። ሲገዙ ደግሞ ካርቶኑን ብቻ አይተው አይውሰዱ፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሶኬት ላይ ያስሰኩና አራቱም ዘንጎች ሲቀሉ በዓይንዎ ይዩ። የእኔ የመጀመሪያዋ ኦቭን ከታች አንዱ ዘንግ የማይሠራ ሆኖ ተገኝቶ፣ ለመለወጥ ሦስት ቅዳሜ ተመላልሻለሁ።