«ኢታን ፍሮም» ወይስ «ኦፍ ማይስ ኤንድ ሜን»?

የኤዲት ዋርተን «ኢታን ፍሮም» (1911) እና የጆን ስታይንቤክ «ኦፍ ማይስ ኤንድ ሜን» (1937) ሁለቱም አጫጭር ናቸው፤ ሁለቱም የአሜሪካን ገጠር ሐዘን ይተርካሉ። የትኛውን እናንብብ?

ቋንቋ፦ ስታይንቤክ ይቀላል፤ አብዛኛው ምልልስ ነው። ዋርተን ረጋ ብሎ ማንበብን ትጠይቃለች።

መቼት፦ ዋርተን በማሳቹሴትስ ስታርክፊልድ የተባለች ምናባዊ መንደር ፈጥራ በበረዶ ትሸፍናታለች፤ ብርዱ የኢታንን ዝምታ ያስረዳል። የስታይንቤክ ታሪክ ካሊፎርኒያ፣ ሶሌዳድ አቅራቢያ ያለ እርሻ ላይ ነው።

ገጸ ባሕርያት፦ ኢታን በታማሚ ሚስቱ በዚናና በሚወዳት በማቲ መካከል ተይዟል። የስታይንቤክ ተንከራታች የእርሻ ሠራተኞች፣ ጆርጅ እና ሌኒ፣ ግን ከእርስ በርሳቸው ሌላ ማንም የላቸውም፤ መጨረሻው ይበልጥ የሚያመኝም ለዚህ ነው።

ተምሳሌት፦ እዚህ ላይ ዋርተን ትበልጣለች። ዚና ለእንግዳ እንኳ ሳታወጣ ያኖረችው የሠርግ ስጦታ፣ ያ ቀይ የመስታወት ሳህን፣ እሷ በሌለችበት ምሽት ለኢታንና ለማቲ እራት ወጥቶ ይሰበራል። ዚና ስብርባሪውን ይዛ ስታለቅስ የጠላናት ሴት በድንገት ታሳዝነናለች። በስታይንቤክ የሽማግሌው የእርሻ ሠራተኛ የካንዲ አሮጌ ውሻ መገደል መጪውን በግልጽ፣ ምናልባትም ከመጠን በላይ በግልጽ፣ ይጠቁማል።

ለክፍል ውይይት፣ ለመድረክ ወይም ለጀማሪ አንባቢ ስታይንቤክ ይስማማል። ስለ ተምሳሌት ጥልቅ ሐተታ ለሚጽፍ ተማሪ ዋርተንን እመርጣለሁ።