6,000 ብር የሚሸጠው «የገንዘብ ነፃነት» ኮርስ፦ እባካችሁ አትክፈሉ

በቴሌግራምና በቲክቶክ ስለ ገንዘብ አያያዝና ስለ ቢዝነስ «እናሠለጥናለን» የሚሉ ሰዎች እንደ አሸን ፈልተዋል። ዋጋቸው ይለያያል፣ አሠራራቸው ግን ያው ነው። ነፃ ቪዲዮ ያሳዩዋችኋል፣ ኮርስ ይሸጡላችኋል፣ ከዚያ ወደ «ቪአይፒ» ግሩፕ ያስገቧችኋል። ጉዳቱ የሚብሰው መጨረሻው ላይ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ሪያድ ከተማ በሰው ቤት ትሠራለች። ኮርሱን የገዛችው ያጠራቀመችውን ገንዘብ ምን እንደምታደርገው ግራ ቢገባት ነው። ወንድሟ አዲስ አበባ ሆኖ 6,000 ብር በቴሌብር ከፈለላት። ብሩ የገባው በድርጅት ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስልክ ቁጥር ነው። ደረሰኝ ሲጠይቅ «የቴሌብሩ ሜሴጅ ይበቃሃል» ተባለ።

የተላከላት 28 ገጽ ፒዲኤፍ ነው። ልካልኝ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። መጀመሪያው ላይ «ገቢሽን 50፣ 30፣ 20 አድርገሽ ከፋፍይ» ይላል፤ ግማሹ ለኪራይና ለምግብ፣ 30 በመቶው ለፍላጎት፣ 20 በመቶው ለቁጠባ። አሠሪዋ ቤት የምትኖር፣ ኪራይ የማትከፍል፣ ከደመወዟ አብዛኛውን ለቤተሰብ የምትልክ ሴት ይህን ምን ታድርገው? ቀጥሎ ያሉት አራት ገጾች ስለ አሜሪካ ክሬዲት ስኮር፣ ማለትም ሰው ብድሩን እንዴት እንደሚከፍል ስለሚለካበት ነጥብ ናቸው። ከዚያ አሜሪካ ውስጥ ያለ ቀጣሪ ብቻ ስለሚከፍተው የፎር-ኦ-ዋን-ኬ የጡረታ ቁጠባ ያወራል። ምክሩ በራሱ ስህተት የለበትም። አትላንታ ወይም ሲያትል ላለ ሰው ይጠቅማል፤ እሱም ቢሆን በነፃ ያገኘዋል። የእሷ ጥያቄዎች ግን ሌላ ነበሩ። ገንዘቡን በማን ስም ላስቀምጥ? በወንድሜ ስም ቤት ቢገዛ ነገ የማን ነው? ውጭ ላለን ሰዎች ባንኮች የሚከፍቱት የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ይሻለኛል ወይ? ስለነዚህ አንድ መስመር የለም።

ኮርሱን የሸጠላት ሰውዬ ግን ዝም አላላትም። ሳምንት ሳይሞላ «የፎሬክስ ሲግናል በየቀኑ እንልክልሻለን፣ በወር 30 በመቶ ትርፍ» የሚል መልእክት መጣ። ፎሬክስ የውጭ ገንዘቦችን ዋጋ መውጣትና መውረድ እየገመቱ መነገድ ነው፤ ሲግናል ደግሞ «አሁን ግዢ፣ አሁን ሽጪ» የሚል ጥቆማ ነው። ከሥሩ የብሮከር፣ ማለትም ንግዱን የሚያገናኘው ድርጅት ሊንክ ነበር፤ «በዚህ ሊንክ ብቻ ተመዝገቢ» ይላል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ለምን በዚያ ሊንክ ብቻ? ብዙ ብሮከሮች ሰው ላመጣላቸው ኮሚሽን ስለሚከፍሉ ነው። እናንተ በነገዳችሁ ቁጥር እሱ ይከፈለዋል። እናንተ ከከሰራችሁት ላይ ድርሻ የሚሰጡም አሉ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው አማካሪ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ግሩፑ ውስጥ የሚለጠፈው የትርፍ ስክሪንሾትም ማስረጃ አይሆንም። የፎሬክስ መተግበሪያዎች የልምምድ አካውንት አላቸው፣ ዴሞ ይባላል። ማንም ሰው በደቂቃ ከፍቶ 100,000 የውሸት ዶላር ይዞ ይነግዳል። አሥር ጊዜ ነግዶ ያተረፈባትን አንዷን ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ቀላል ነው። ዘጠኙን ማን አየ?

እውነተኛውን ቁጥር የምታገኙት ሻጩ ጋ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤስማ በ2018 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን ሲያጠና፣ በፎሬክስና በመሰል የውርርድ ንግዶች ከተሰማሩ ተራ ሰዎች አካውንት ውስጥ ከ74 እስከ 89 በመቶው ከሳሪ እንደሆነ ገልጿል። ብሮከሩ ከገንዘባችሁ በላይ እንድትነግዱ የሚሰጣችሁ ብድር፣ ማለትም ሌቨሬጁ፣ ለዋና ዋና ገንዘቦች ከ1 ለ30 (በ1 ብር የ30 ብር ንግድ) እንዳያልፍ የገደበውም ያኔ ነው። ለአክስቴ ልጅ የተላከላት ሊንክ የሚወስደው 1 ለ500 የሚሰጥ ብሮከር ጋ ነው። ገንዘባችሁን ሁሉ በዚህ ሌቨሬጅ ካስያዛችሁ፣ ዋጋው 0.2 በመቶ ወደማትፈልጉት አቅጣጫ ሲሄድ ያላችሁ ሁሉ ያልቃል። 0.2 በመቶ ማለት ቡና ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ የሚሆን ነገር ነው።

«በወር 30 በመቶ» የሚለውንም በስልካችሁ ካልኩሌተር አስሉት። 10,000 ብር በዚህ ሒሳብ ትርፉ ሳይነሳ በዓመት ወደ 233,000 ብር ይሆናል። በሁለት ዓመት 5.4 ሚሊዮን። በሦስት ዓመት ከ126 ሚሊዮን ብር በላይ። ይህን የሚችል ሰው ከአንዲት የቤት ሠራተኛ 6,000 ብር የሚለምንበት ምክንያት የለውም። ቻርልስ ፖንዚ የሚባል አጭበርባሪም በ1920 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ቦስተን ላይ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ሲል ለቀደሙት የሚከፍለው ከኋለኞቹ እየወሰደ ነበር። ስለዚህ ኮርሱን ስትጨርሱ «ሰው አምጡ፣ ኮሚሽን ታገኛላችሁ» ከተባላችሁ ውጡ። የፒራሚድ ሽያጭ በኢትዮጵያ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ክልክል ነው፤ ያስገባችሁትም ሰው ነገ የሚፈልገው እናንተን ነው።

ጥሩ ምክር የለም እያልኩ አይደለም። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጥሩ የሚጽፉ አሉ። እኔ የማነበው ሒሳቡን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ፣ ከየት እንደሚከፈለው የሚናገርና «ይህ ለእናንተ ላይሆን ይችላል» ለማለት የማይፈራ ሰው ነው። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሼር ሲሸጥ ዋጋው 300 ብር፣ ትንሹ መግዣ 33 ሼር ነበር፤ ድምሩ 9,900 ብር። ያን ጊዜ ጠቃሚ የነበረው ምክር «ሳያልቅ ግዙ» የሚለው አልነበረም። የሽያጭ ሰነዱን ከፍቶ ትርፉ ለስንት ሼር እንደሚከፋፈል፣ ሼሩን መልሶ መሸጥ ቢያስፈልግ የት እንደሚሸጥ የጠየቀው ነው የረዳን።

ስለ ሼርና ቦንድ በክፍያ የሚያማክር ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃድህን አሳየኝ በሉት። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ «ብሮከርቼክ» የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ስሙን ጻፉ፤ መመዝገቡንና የቀረበበትን ቅሬታ በነፃ ያሳያል።

ከፍላችሁ ከሆነ፣ ከግሩፑ ከመውጣታችሁ በፊት ሁሉንም ነገር ስክሪንሾት አንሱ። የቴሌብር ሜሴጁን፣ የሰውየውን ቁጥር፣ ቃል የገባበትን ድምፅ አስቀምጡ። ቅሬታ ስታነሱ ወዲያው ያስወጧችኋል፣ ሜሴጁንም ያጠፉታል። ማስረጃውን ይዛችሁ ፖሊስ ጋ ሂዱ። «የተበላ ገንዘብ እናስመልሳለን፣ መጀመሪያ ትንሽ ክፈሉ» እያሉ በውስጥ መስመር የሚመጡ ሰዎችም አሉ። ለእነሱ ምንም እንዳትልኩ። የአክስቴ ልጅ ቅሬታዋን ግሩፑ ውስጥ በጻፈች ማግስት ሁለት እንዲህ ዓይነት መልእክት ደርሷታል።