ሁለት ግንቦት ከውሃ ማቀዝቀዣ ጋር፦ ከኮምቦልቻ የቆርቆሮ ቤት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ሐረጎን ሲጨርስ ጃኬቱን የሚያወልቅበትን ቦታ ያውቀዋል። ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም የከፍታቸው ልዩነት ከ600 ሜትር ስለማያንስ፣ ደሴ ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ምሽት ኮምቦልቻ ላይ መስኮት ያስከፍታል። ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ስዛወር ከእናቴ ጋር የተከራየነው ቤት በባቲ መንገድ አቅራቢያ የሚገኝ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱም ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ ነበር። የመጀመሪያው ግንቦት እንደገባ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሳሎኑ ውስጥ መቀመጥ ስላልተቻለ፣ ደሴ ከሚገኝ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መደብር በውሃ የሚሠራ የአየር ማቀዝቀዣ ገዛሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው መሣሪያውን ሁለት ግንቦትና ሁለት ሰኔ ከተጠቀምኩበት በኋላ ነው።

መሣሪያው እስከ ወገብ የሚደርስ ቁመት ያለውና በጎማ እግር የሚገፋ ነው። ከታች 6 ሊትር ውሃ የሚይዝ ቋት፣ ከኋላ የማር እንጀራ የሚመስል የካርቶን ንጣፍ፣ ከፊት ደግሞ ቬንትሌተር አለው። ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ወደ ላይ እየሳበ ንጣፉን ያርሰዋል፤ ቬንትሌተሩ የክፍሉን አየር በረጠበው ንጣፍ ውስጥ ሲስበው ውሃው ይተናል፤ ለመትነን የሚያስፈልገውንም ሙቀት ከራሱ ከአየሩ ይወስዳል። ከአያቶቻችን እንስራ የተለየ ነገር የለውም፤ እንስራ ውስጥ ያለው ውሃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ላብ በኩል ስለሚተን ነው።

ሻጩ ሲያስረክበኝ የነገረኝን እስካሁን አልረሳሁትም። «ኤሲ ማለት ነው ጋሼ፤ በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ማብራት ብቻ ነው» አለኝ። እኔም አምኜ ዘጋሁ። መጀመሪያ ላይ፣ ሳሎኑ 32 ዲግሪ በነበረበት ሰዓት፣ ከመሣሪያው አፍ የሚወጣው አየር በቴርሞሜትሬ 26 ሆኖ ስላገኘሁት ደስ አለኝ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግን የሚወጣው አየር ወደ 29 ከፍ አለ፤ ክፍሉም ሙቅ ብቻ ሳይሆን ወበቅ የያዘው ሆነ። እናቴ ነጠላዋን አራግፋ «ይኼ ነገር ቤቱን እንደ ገንፎ እያሸው ነው» ብላ ወደ በረንዳ ወጣች። ጥፋቱ የመሣሪያው አልነበረም። የተነነው ውሃ መውጫ ሲያጣ በክፍሉ ውስጥ ይጠራቀማል፤ አየሩ እርጥበት በጠገበ መጠንም ንጣፉ ላይ ያለው ውሃ መትነን ያቅተዋል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውና ሞተሩ ከቤት ውጪ የሚቀመጠው ስፕሊት ኤሲ የሚፈልገው የተዘጋ ክፍል ነው፤ የውሃ ማቀዝቀዣ ግን ጀርባውን ወደ ክፍት መስኮት አዙሮ፣ ከፊት ለፊቱ ደግሞ በር ገርበብ ብሎለት ካልሆነ አይሠራም። ይህን ከተረዳሁ በኋላ በዚያው ሳምንት መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩትና ከሰዓት በኋላ በተቀመጥንበት ቦታ ላይ እፎይ የሚያሰኝ አየር አገኘን።

የኤሌክትሪክ ፍጆታው በጀርባው ላይ እንደተጻፈው 65 ዋት ነው። በቀን 8 ሰዓት ቢበራ በወር 16 ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የማቀዝቀዝ አቅሙ 12,000 ቢቲዩ የሚባለው የተለመደ ስፕሊት ኤሲ 1,000 ዋት ገደማ ስለሚስብ፣ ሞተሩ ሳያርፍ በዚያው ልክ ቢሠራ ወደ 240 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ በተጠቀምን ቁጥር ታሪፉ በእርከን እየጨመረ በሚሄድበት አሠራራችን፣ ልዩነቱ ከቁጥሩ ንጽጽር በላይ ኪስ ላይ ይሰማል። በዚህ ረገድ በመሣሪያው ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ያለው ከአቅሙ ላይ ነው፤ ይህንንም ለመረዳት ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 0.68 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይወስዳል። የእኔ መሣሪያ 6 ሊትሩን ለመጨረስ 9 ሰዓታት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ በአማካይ ከክፍሉ አየር ላይ የሚያነሳው ሙቀት 450 ዋት ያህል ነው። 65 ዋት በልቶ 450 ዋት ማንሳት ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ሳሎናችን አራት ሜትር በአራት ሜትር ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ጥርት ባለ ሰማይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ወደ 1,000 ዋት ይጠጋል። ስለዚህ በሳሎናችን ክዳን ላይ ብቻ 16,000 ዋት ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ከአሥር እጅ አንዱ ብቻ በቆርቆሮውና በጆንያው አልፎ ቢገባ 1,600 ዋት ይሆናል፤ ማቀዝቀዣው ከሚያነሳው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በመጀመሪያው ግንቦት መሣሪያው ቀኑን ሙሉ እየሠራ ሳለ ቴርሞሜትሩ ከ30 አልወርድ ያለኝ ለዚህ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከአከራያችን ጋር ተነጋግረን፣ ወጪው በከፊል ከኪራዩ ላይ እንዲታሰብልን ተስማምተን፣ ጣሪያውን አሠራነው። ቆርቆሮ ሠሪው በሰፈሩ የታወቀ ባለሙያ ሲሆን፣ መሰላሉ ላይ ሆኖ እናቴን «እማማ፣ አንቱ ከሥር ይውጡ፤ ዝገቱ ዓይንዎ ውስጥ ይገባል» እያለ ነበር የሚፍቀው። ዝገቱ ተፋቀ፣ ዝገት የሚከላከለው አንቲረስት ተቀባ፣ በላዩ ላይ ሁለት እጅ ነጭ የጣሪያ ቀለም ተደረገ። ብዙ ሰው አዲስና የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ፀሐይን ስለሚመልስ ቀለም አያስፈልገውም ይላል። እውነት ነው፣ ብርሃኑን ይመልሳል፤ የሚያብረቀርቅ ብረት ግን የያዘውን ሙቀት ወደ ሰማይ ለመልቀቅ ሰነፍ ስለሆነ እየጋለ ይሄዳል። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ያደርጋል፤ አብዛኛውን የፀሐይ ኃይል ይመልሳል፣ የተረፈውንም በቶሎ ይለቅቃል። ከዚያ የማዳበሪያው ኮርኒስ ወርዶ በችፑድ ተተካ፤ በክዳኑና በኮርኒሱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ የታመቀ ሙቀቱን እንዲተነፍስም በሁለቱም ወገን የጣሪያው ሦስት ማዕዘን ግንባር ላይ ወንፊት የተገጠመለት መስኮት ተከፈተ። ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ውጤቱን በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ሰማይ ለማወዳደር ሞክሬ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ሳይበራ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 32 ያሳይ የነበረው ሳሎን 28 ሆነ። ስለዚህ ብሬን መጀመሪያ ማዋል የነበረብኝ ከመሣሪያው በፊት በጣሪያው ላይ ነበር፤ በቅደም ተከተሉ ተሳስቻለሁ።

በጥላ ጉዳይም ያልጠበቅኩት ነገር አጋጥሞኛል። እዚህ ሚያዝያ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ ቀትር ላይ ከአናታችን ቀጥ ብላ ታልፍና፣ ግንቦትና ሰኔን በሙሉ በሰሜን በኩል ትቆያለች፤ ነሐሴ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው ተመልሳ ወደ ደቡብ የምታዘነብለው። ስለዚህ «የሰሜን መስኮት ፀሐይ አያገኘውም» የሚለው አባባል በሌላ አገር ይሥራ እንጂ ለእኛ በጣም በሚሞቁት ወራት አይሠራም። ሆኖም ከሁሉም የከፋው የምዕራብ ግድግዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሲመታ ውሎ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይለቅቃል። እኛ በዚያ ወገን ሸምበቆ አስተክለን ጥላ አድርገንለታል።

አሁን ስለ አየሩ ጤንነት። የመሣሪያው ካርቶን ላይ «አየር ያጣራል» የሚል ጽሑፍ ያለ ሲሆን፣ «አዮን» የሚል ቁልፍም አለው። ማጣሪያ የተባለው ወንፊት ፀጉርንና ብናኝን ይይዛል፤ በመንገዳችን ላይ ወደ ሚሌ የሚወርዱት ከባድ መኪኖች የሚያስነሱትን አቧራም በከፊል ይቀንሳል፤ ምክንያቱም የረጠበው ንጣፍ ራሱ አቧራ ይይዛል። ጎጂ የሆነውን የጭስ ደቃቅ ቅንጣት ግን አያስቆመውም። ለዚያ የተሠራው ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ከሚያክሉ ቅንጣቶች 99.97 በመቶውን መያዝ አለበት፤ የእኔ መሣሪያ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የአዮን ቁልፉን አልነካውም፤ አንዳንዶቹ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ለሳንባ የማይስማማውን ኦዞን የሚባል ጋዝ ያመነጫሉና።

እንዲያውም በቤታችን ውስጥ ዋናው የአየር ችግር ከመንገዱ አልነበረም፤ ከቡናው ነበር። ወሎ ውስጥ ቡና ያለ እጣን፣ ምድጃውም ያለ ከሰል ቡና አይባልም፤ እናቴም አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ሳታዳርስ አትነሳም። ማቀዝቀዣው በተዘጋ ቤት ይበራ በነበረበት ወቅት ከሰሉም ውስጥ ይነድ ነበር። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ያማል፣ ያጥወለውላል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መሞታቸውን ይገምታል። ይህንን ለእናቴ ማስረዳት ቀላል አልነበረም፤ በመጨረሻ ግን ከሰሉ በረንዳ ላይ ተቀጣጥሎ እዚያው እንዲቀር፣ ጀበናው ግን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ እንዲጣድ ተስማማን። እጣኑ አልቀረም፤ በመስኮቱ አቅራቢያ ይጤሳል። ከማንኛውም ማጣሪያ የበለጠ አየራችንን ያጠራው ይህ ነው።

የመሣሪያው እንክብካቤ ብዙ ሰው የሚሰንፍበት ነው። ውሃው ቋቱ ውስጥ ሲከርም ይሸታል፣ ዝልግልግ ያበጃል። ኮምቦልቻ ከ2,000 ሜትር በታች ያለች፣ ወባ የሚያሰጋት ከተማ በመሆኗም፣ የወባ ትንኝ ባትሆን እንኳ ሌላዋ ትንኝ እንቁላሏን ጥላ በሳምንት ከምናምን ቀን ውስጥ አዳዲስ ትንኞችን ልታወጣ ትችላለች። በየአራት ቀኑ ቋቱን ባዶ አድርጌ አደርቀዋለሁ፤ በየሁለት ሳምንቱም ከቧንቧው ውሃ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት በአቼቶ አጥበዋለሁ። ከመሣሪያው ጋር የተሰጡትን ሁለት የበረዶ ላስቲኮች ግን መጠቀሙን ትቻለሁ። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ከሚወስደው አንድ ሰባተኛ ያህሉ ብቻ ነው፤ በረዶውን የሚሠራው ፍሪጅ ደግሞ ሙቀቱን የሚለቅቀው እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

በነሐሴ ለማብራት የሞከርኩት በራሴ ሞኝነት ነው። ክረምቱ ውስጥ አየሩ ራሱ ውሃ የጠገበ ስለሆነ ማቀዝቀዝ አልቻለም፤ ይልቁንም ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ አላበው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ጥቁር ሻጋታ አበቀለ። ሻጋታውን ለማጥፋት ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አርቀን በረኪና ባለው ውሃ ደጋግመን ማጠብ ግድ ሆነብን።

ሌሊቱ ለእኛ ከተማ የተሰጠ ስጦታ ነው። ግንቦት ላይ እንኳ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የውጪው አየር ከ20 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፣ ወንፊት በተገጠመላቸው ሁለት ትይዩ መስኮቶች አየሩን ስናስገባ አድረን ጠዋት ከ2 ሰዓት በኋላ መስኮቱንና መጋረጃውን እንዘጋለን። ከ30 ዋት ገደማ በላይ የማይፈልጉትን አዲሶቹን የጣሪያ ቬንትሌተሮች የሚያገኝ ሰውም ከዚህ ጋር ቢያጣምራቸው ይበቃዋል፤ ቬንትሌተር ክፍሉን ባያቀዘቅዘውም ሰውነትን ያቀዘቅዛል።

ስለዚህ መሣሪያውን እገዛው ነበር ወይ ለሚለኝ፣ ጣሪያው ለተሠራለት፣ መስኮት ከፍቶ ለሚጠቀም፣ በግንቦትና በሰኔ ብቻ ለሚያበራው ሰው አዎ እላለሁ፤ ጣሪያው ላልተነካ፣ ውሃም በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው ግን አልመክርም። ደሴ ለሚኖር ደግሞ ፈጽሞ አያስፈልገውም። አንድ ያልተፈታልኝ ነገር የካርቶን ንጣፉ ጉዳይ ነው፤ በሁለተኛው ሰኔ ማለቂያ ላይ ተበጣጥሶ ምትክ ፍለጋ ኮምቦልቻንም ደሴንም ዞሬ አጣሁ። አሁን በፍሬሙ ላይ የታጠበ የቃጫ ጆንያ ሁለት እጥፍ አድርጌ ወጥሬበታለሁ። የሚወጣው አየር በዋናው ንጣፍ ከነበረው በአንድ ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናትም ቤቱ እህል የተራገፈበት ጎተራ ጎተራ ይሸት ነበር።