ለክሮም እጣቢ የገዛሁት የቡና ገለባ ከሰል፣ ከአራት ወር በኋላ

አዲስ አበባ ውስጥ የሞተር ሳይክልና የቧንቧ ዕቃ ኒኬልና ክሮም የምንነክርበት ትንሽ ወርክሾፕ አለኝ። ዕቃው ከክሮም ገንዳ ወጥቶ ሲታጠብ እጣቢው ቢጫ ነው። ለዓመታት ያ ቢጫ ውሃ በቦዩ ወርዶ ወንዝ ይገባ ነበር። ታች አቃቂ ወንዝ ዳር በዚያው ውሃ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል፤ ገበያ ወጥተን የምንገዛውም ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን ማሰብ ስለከበደኝ ነው እጣቢውን እንዲያጣራልኝ የገለባውን ከሰል የገዛሁት።

የቡና ገለባ ከስሎ ተፈጭቶ በ25 ኪሎ ጆንያ ይመጣል። በርሜል ውስጥ ከሥር ጠጠርና አሸዋ አድርጌ አንድ ጆንያ ገለበጥኩበት። የመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ገባ፣ ቢጫ ወጣ። ሻጩ «ዝም ብለህ አፍስስበት» ነበር ያለኝ። ነገሩ ግን አሲዱ ላይ ነው። ክሮም ስድስት (እጣቢውን ቢጫ የሚያደርገው መርዛማው የክሮም ዓይነት) ውሃ ውስጥ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው፤ ከሰሉ ፖዘቲቭ ሆኖ የሚስበው ውሃው አሲድ ሲሆን ነው። በሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያው ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ወደ 2 አውርጄ በቀስታ ሳሳልፈው ጠርቶ ወጣ። (አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አትጨምሩ። ሳያናይድ ያለበት እጣቢ ካላችሁ ደግሞ አሲድ በፍጹም አይንካው፤ ሰው የሚገድል ጋዝ ያወጣል።)

ውሃው ጠራ ብላችሁ ግን አትልቀቁት። እኔ ዳይፌኒልካርባዛይድ በሚባል መፈተሻ ኬሚካል እፈትሻለሁ፤ ክሮም ስድስት ካለ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። እኔ ጋ አንዱ ጆንያ ሦስት ሳምንት ያህል ሠርቶ ሐምራዊው ብቅ ሲል እቀይረዋለሁ። ከክሮም ስድስቱ ከፊሉ ከሰሉ ላይ መርዙ አነስ ወዳለው ክሮም ሦስት ይለወጣል፤ ይኼኛው በአሲዱ ውሃ ሟሙቶ ሊወጣ ይችላል፣ ፍተሻውም አያሳየውም። ስለዚህ የወጣውን ውሃ በኖራ ፒኤቹን ወደ 8 አድርሼ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት አረንጓዴ አተላ ሥሩ ተኝቶ አገኛለሁ።

ለኒኬል በዚያው በርሜል አትሞክሩት። ኒኬል ፖዘቲቭ ስለሆነ አሲድ ውስጥ ከሰሉ ይገፋዋል። ፒኤቹን ከ5 እስከ 6 አድርጌ በሌላ በርሜል እየሞከርኩ ነው፤ ገና አላረካኝም።

ከሻጩ ጋር የተጣላሁት ግን በሌላ ነው። «ሲያልቅ ለማገዶ ይሆናል» አለኝ። አይሆንም! ሲነድ ክሮሙ አመዱ ውስጥ ይቀራል፣ ከፊሉም ተመልሶ ክሮም ስድስት ይሆናል። የግቢያችን ጥበቃ አባባ «ልጄ፣ ለምድጃዬ ትንሽ ስጠኝ» ሲሉኝ ምክንያቱን አስረድቼ ደህና ከሰል ገዛሁላቸው። ጆንያው ላይ ይህ በትልቁ ሊጻፍበት ይገባል።

ለክሮም እጣቢ መልሼ እገዛዋለሁ፤ ገዝቼዋለሁም። ያገለገለውን ክዳን ባለው በርሜል አስቀምጣለሁ። ሁለቱ ሞልተው ሦስተኛውን ጀምሬያለሁ፤ በአግባቡ የሚረከበኝ ግን እስካሁን አላገኘሁም። የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።