ዋሻውን መዝጋት ወይስ ከፍቶ ማስተማር?

ጅማ ውስጥ ሳይንስ አስተምራለሁ። ስለ ዋሻ ስናወራ ለተማሪዎቼ ሁለት የአሜሪካ ፓርኮችን አነጻጽርላቸዋለሁ።

በካርልስባድ ፓርክ ያለው ሌቹጊያ ዋሻ ለጎብኚ ዝግ ነው። በፈቃድ የሚገቡት ተመራማሪዎችና ካርታ የሚሠሩ አሳሾች ናቸው። ለሚሊዮን ዓመታት ከሰው ተነጥለው ኖረው አንቲባዮቲክ የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች የተገኙት እዚያ ነው፤ ሰው እንደልቡ ቢገባ ኖሮ ባክቴሪያዎቹ ከሰው እንዳልመጡ ማን ያምን ነበር?

ማሞዝ ኬቭ ግን ከ680 ኪሎ ሜትር በላይ የተለካ ዋሻ ነው፣ ምርምሩም ጉብኝቱም አብረው ይሄዳሉ። ጎብኚው ሲወጣ በሳሙና ውሃ በራሰ ምንጣፍ ላይ ይራመዳል፣ የሌሊት ወፎችን የሚፈጀው ፈንገስ በጫማ ተጣብቆ ሌላ ቦታ እንዳይደርስ። አንድ ልጅ ያን ምንጣፍ ረግጦ «ለምን?» ካለ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው።

እኔ ማሞዝን እመርጣለሁ። ሶፍ ዑመርም እንዲህ ቢሆንልን ተማሪዎቼን ይዤ ከጅማ እስከ ባሌ እሄድ ነበር።